መዳፍ ወደ ታች

የዳንዲ ሴቶች ሥራ ጆንያ ነበር በሙሉ፤
ከቤንጋል የመጣ ቃጫ ሲያበጥሩ፣ ሲፈትሉ፣
በዓሣ ነባሪ ዘይት እንደ ከረፋ እጃቸው፣
የቃጫው ብናኝ ያለ ዕድሜ አሸብቷቸው፣
ማታ ይገባሉ ቤት። ሥራ አጥቶ የከረመ ባል
ማንቆርቆሪያውን ጥዶ ከደጅ ይጠብቃል።
(ወንድ ውድ ነው፣ ሴት ርካሽ፤ ፋብሪካው ሒሳብ ያውቃል።)

ማሽኑ ሲጮህ ሲውል ጆሮ ቀድሞ ይሞታል።
ታዲያ ሰው ያለ ወሬ እንዴት ውሎ ይገባል?
ቋንቋ ፈጠሩ በጣት፦
አገጭ መንካት «አለቃው መጣ»፣
ሁለት ጣት ማቆላለፍ «እከሊት ልታገባ ነው»፣
ትንሿን ጣት ማጠፍ «ልጄን አመመው»፣
መዳፍን ወደ ታች ዘርግቶ ቀስ አድርጎ ማውረድ፦
«ማሽኑ ቆመ። ተነሽ እንሂድ።»

የኤፊ ማክሬን ሦስት ጣት የበላው የማርሽ ጥርስ
ክዳን አልነበረውም፤ ዋጋው ከልጅ ጫማ የማይደርስ።
የሄደው ጣት ብቻ አይደለም፤ ከአንደበቷም ተቆረጠ፤
ከዚያ ወዲያ እጇ ተንተባተበ፣ ግማሽ ቃል እየዋጠ።

ዳንዲ ላይ ተፈረደባት። ይግባኝ አለች፣ ኤድንብራ።
ሴቶቹ ሳንቲም አዋጥተው፣ በጆንያ፣ በገዛ ሥራቸው
ቋጥረው ላኩላት ገንዘቡን።
የፋብሪካው ጠበቃ ካባውን እያስተካከለ
«ጌቶቼ፣ ይህች ሴት» አለ፣
«ጥርሱን እያየች ነው የገባች፤ ዓይኗም ደኅና ነበር፤
ወዶ ገብ ናት። ወደው የገቡበት ነገር
አይከሰስበትም በዚህ አገር።»

ሽማግሌው ዳኛ ሳለ። መነጽሩን ወለወለ።
ፍርዱ ረጅም፣ አሰልቺ፤ ቀን፣ ቁጥር፣ የማርሹ ስፋት፣
ማን ምን እንደ መሰከረ።
ከዐሥራ አራተኛው ገጽ ግርጌ ግን እንዲህ የሚል ነበረ፦
«ረሃብ የገፋው እግር ወዶ ገብ አይባልም።
ተናካሽ ያሳደረ ሰው ሰንሰለቱንም ይግዛ።»

ኤፊ አልሰማችም።
ጆሮዋ ፋብሪካው ውስጥ ቀርቷል።
የሰው ሁሉ ከንፈር ሲላወስ ታያለች፤ ማን ይሆን የረታው?
ከላይ፣ ከሰገነቱ፣ ጓደኛዋ ቴኒ ተነሣች፤
«ረታሽ» የሚል ምልክት ፈለገች፣ ከጣቶቿ አጣች፤
«ፍርድ» የሚለውን ቃል በዚያ ቋንቋ ማን ተናግሮት ያውቃል?
ጨነቃት። ቆየች።
ከዚያ መዳፏን ዘረጋች፣
ወደ ታች፣ በቀስታ፣ አወረደች።

ማሽኑ ቆመ።

ካሳው ብዙ አልነበረም፤ የቤት ኪራይ ውዝፍ፣ አንድ ጥቁር ኮት፣
ለቴኒም ሰማያዊ ስኒ፣ ጆሮው የተሰነጠቀ፣ በቅናሽ የተገዛ።
ስሟ በሕግ መጽሐፍ ሲገባ አንድ ፊደል ተሳስቷል፤
እስከ ዛሬ ያረመው የለም።

እኔ የፋብሪካ ተቆጣጣሪ ነኝ። ትናንት አንድ ብስኩት ቤት ገባሁ።
ሩአሪ የሚሉት ጎረምሳ ክዳኑን እየረገመ
«በከፈትኩት ቁጥር ይቆማል! ኮታዬ በምን ይሙላ?
የቱ ሥራ ፈት ነው ያመጣው?» ሲል ሰማሁት፣ ከበሩ ኋላ።
ከምሳ መልስ ዞር ብዬ ባይ
ማቆሚያዋን በሽቦ ጠፍሮ አስሯታል።
ክዳኑ ክፍት ነው፣ ማሽኑ ይዞራል፣
እጁ ከጥርሶቹ መሐል ነው።

ጮህኩ። በጆሮው መከላከያ አለ፣ በጆሮዬም
(እሱም የሌላ ፍርድ ልጅ ነው፣ ሌላ ቀን አወራዋለሁ)፤
ድምፄ ከራሴ አላለፈም።
እጄ ተነሣ። ማን እንዳስተማረኝ አላውቅም።
መዳፌ፣ ወደ ታች።

ቀና አለ። አየኝ። እጁን አወጣ።
ቆጠርኩለት፣ አንድ በአንድ።
ሽቦውን ፈትቼ ኪሴ ስከት
ደሙ ፈልቶ፣
በዐሥር ጣቱ ሰደበኝ።