ላይ ቤትና ታች ቤት

ሞላሌ ዳገቱ ላይ፣ ሁለት ቤቶች ነበሩ፤
በላይኛው አስታጥቄ፣ በታችኛው ይፍሩ።
አስታጥቄ በድምፅ፣ ይፍሩ በሹመት፣
በአንድ ክረምት ገቡ፣ አገር ምክር ቤት።
ከዳገት የወረደው፣ ታችኛው ቤት ገባ፤
ወንዝ ዳር ላደገው፣ ላይኛው ከነካባ።

እኔ የይፍሩ ጸሐፊ። ቃሉን ልጽፍ ጓጉቼ፣
ባዶ ወረቀት ታቅፌ፣ ስንት ቀን ውዬ ገባሁ ተሰላችቼ።

"ሠላሳ አምስት ዓመት፣ ከሞላህ ይበቃል፤
ለስድስት ዓመት ነው፣ ንጉሡ ይሾማል፤
ቁጥራችን ከታቹ፣ ከግማሽ አይበልጥም፤
ምርጫ የሚሉት ጣጣ፣ እኛን አይነካንም።"
ይህን ያለኝ ይፍሩ፣ ጣርማ በር ላይ ነው፣
መኪናችን ቆሞ፣ መንገዱን ጉም ሲውጠው።

"ሥራውስ ምንድን ነው?"
"ወንፊት ነን" አለኝ፣ ጋቢውን እያጠበቀ፤
"ታች የፈጩትን ነፍተን፣ ጠጠሩ ከታወቀ
እንመልሳለን፤ ዱቄቱ ካማረ
ለጌታ እናቀርባለን።" እንዲያ ነበረ።

በሦስተኛው ዓመት፣ አስታጥቄ ተሟግቶ፣
የበግ ግብር እንዲቀር፣ ታች ቤት እጁ ወጥቶ፣
ወረቀቱ ወደ ላይ፣ በደረጃው ወጣ፤
ክረምት ገባ፣ በጋ ሆነ፣ ወደ ታች አልመጣ።
ይፍሩን ጠየቅሁት።
"እኔስ በግ የለኝም? ግብሩ አልከበደኝም?
በደብዳቤ የመጣ እጅ፣ ቀድሞ አይነሣም።"
እንዲህ ብሎ ዝም አለ።
ይቺን ስንኝ ቤት ሳላስመታ ተውኋት።

ዛሬ የልጄ ልጅ፣ ደብተሩን ዘርግቶ፣
የላይኛው ቤት ጥያቄ፣ ከትምህርት ቤት አምጥቶ፣
"ለየሕዝቡ አንድ ሰው፣ ለሚሊዮን አንድ ጭማሪ፤
ሕግ አያወጣም፤ ሕገ መንግሥት ፈቺ፣ ተናጋሪ።
ልክ ነው አባባ?" ይለኛል።
ልክ ነው እላለሁ፤
መጽሐፉ ያለውን፣ እንዴት እሽራለሁ?
ግን ዓይኔ በመስኮት፣ ዳገቱን ይወጣል፤
የአስታጥቄን ግድግዳ፣ ሳማ ወርሶታል፤
የይፍሩ ቤት ቆርቆሮ፣ ያው ልጁ የሚማርበት
ክፍል ላይ ተመትቷል፤ ዝናብ ያንኳኳበት።

"ስማኝ" አልሁት፣ "ውርጭ፣ ከሰማይ ሲወርድ
ላይኛውን ገብስ ትቶ፣ ታች ነው የሚያነድ።
ስለዚህ ላይ የሚቀመጥ፣ ማለዳ ይነሣ፤
ወርዶ ይይ ማሳውን፣ ብርዱን ሳይረሳ።"

እርሳሱን አነሣ። አሰበ። አልጻፈም።
"ይሄ ግን" አለኝ፣ "ፈተና ላይ አይመጣም፣
አይደል?"