የ«ያ ማነው» ሰዓት

ሌሊቱ ሳያልቅ፣ ቀኑም ሳይጀምር፣
ባሕርና ሰማይ ሳይለዩ ድንበር፣
ፉሚዬ ጋዜጣ አድላ ትመለሳለች
በኖቶ ዳርቻ፣ በሚያስል ሞተር።
የአጥማጆች ጀልባ መብራት አንድ በአንድ ይጠፋል፤
የወደቡ ውሻ ራሱን ሳያነሣ
በጠረኗ አውቆ ያሳልፋታል።

አባቷ ቶኩጂ ሠላሳ ስድስት ዓመት
ቋንቋ ያስተማረ፣ የቃል ዘር ቆጣሪ፣
የጠመኔ አቧራ እጁን አንጥቶት እስኪቀር፤
እሷም ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ
የገዛ አባቷን «መምህር» ማለት ያሳፍራት ነበር።

«ቃል ዝም ብሎ አይወለድም» ይላል፤
«አንድ ሰው ፈርቶ፣ ወይ ርቦት፣ ወይ መሽቶበት
አፉን ሲከፍት ነው የሚወጣው ከቤት።
ይኸው ‹ካዋታሬ›፤
ሌሊት እንዳትሉት ነጥቷል፣ ቀን እንዳትሉት ጠቁሯል።
‹ካ› ማለት ያ ነው፣ ‹ታሬ› ማለት ማን፤
መሐል ያለችው ‹ዋ› ድልድይ ናት፤
ተሻገሩ እንጂ ቆማችሁ አትቅሩባት።

ያ ማነው?
የቀድሞ ሰዎች ሰዓት አልነበራቸውም፤
ከጉም የሚወጣ ሰው ግን ነበራቸው፤
ጨው ጫኝ ይሁን ሌባ፣ ዘመድ ይሁን ሙት
ፊቱ ሳይለይ የሚመጣባቸው።
ጠየቁ። ሰውየው ዝም አለ፤ ሰዓቱ ሰማቸው፤
ጥያቄውን ነጥቆ ስሙ አደረገባቸው።»

ከኋላ ሁልጊዜ የሚያንቀላፋው የአጥማጅ ልጅ
ያን ቀን ብቻ ነቅቶ እጁን አወጣ፦
«መምህር፣ ማታም እኮ ፊት አይለይም።»
ቶኩጂ ደስ ሲለው ጠመኔ ይሰብራል። ሰበረ።
«ማታማ ‹ታሶጋሬ› ነው፤ ማነው ያ?
ያው ጥያቄ፣ እንደ ካልሲ ተገልብጦ።
ጥንት አንደኛው ቃል ለሁለቱም ይበቃ ነበር፤
ኋላ እንደ ወንድማማች እርሻ ተካፈሉ፤
አንዱ ንጋቱን፣ ሌላው ምሽቱን ይዞ።
ቀን በሁለቱ መካከል የተወጠረ ገመድ ነው፤
ልብሳችሁን አስጡበት።»

ገመዱ ረግቧል አሁን።

በሩን ስትከፍት ታገኘዋለች ቁጭ ብሎ፣
አንድ እግሩን ብቻ ካልሲ አጥልቆ፣
መስኮቱ ላይ የቆመውን ግራጫ እያየ።
«ያ ማነው?»
«እኔ ነኝ።»
«እኔ ማነው?»

ልክ ነው። እሱ ነበር ድሮ የሚያርመው፦
«‹እኔ› የሁሉ ሰው ስም ነው፤ ማንንም አይለይ።»

ሐኪሙ ረጅም ስም አለው ለዚህ ሕመም፤
እሷ አጭሩን ታውቃለች። ካዋታሬ።
ምሳ ላይም ካዋታሬ፣ ገላ ሲታጠብም፤
በዚህ ቤት ቀትር ላይም ጎህ ይቀዳል፣
አይነጋም እንጂ።

መጀመሪያ ትከራከር ነበር፤
ፎቶ ታመጣለች፣ የእናቷን ስም ትጠራለች፣
ቅንድባቸውን በመስታወት ታስተያያለች።
ዛሬ ደከማትና
«ጋዜጣ አዳይዋ ነኝ» አለችው።

ተነሣ። በአንድ ካልሲው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።
«በዚህ ብርድ! ይግቡ፣ ይቀመጡ» አላት፤
አባት ልጁን አንቱ አላት።
«ቤተሰብ አለዎት?»
«አባት አለኝ።»
«ደኅና ናቸው?»
«ይጠይቃሉ።»
«እንግዲያው ደኅና ናቸው» አለ፣ እንደ ጥሩ ተማሪ
መልሷን በራሱ ንቅናቄ እያጸደቀ።

ሁለተኛውን ካልሲ ልታጠልቅለት ተንበረከከች።
እጇን አየው፤ በጋዜጣ ቀለም የጠቆረ።
የራሱንም ገልብጦ አየ፤ ነጭ ነገር ሲፈልግ
በጣቶቹ መሐል፣ በጥፍሩ ሥር።
ከዚያ ጥቁሩን እጅ ያዘ፣ ቀስ ብሎ፣
እንደሚሰበር ጠመኔ።

«ካ…» አለ።
ውጪ የመጨረሻው ጀልባ መብራቱን አጠፋ።
«ዋ…»

ቆመ ድልድዩ ላይ።
ፉሚዬ ከወዲያ ማዶ፣
እጇን ሳትነጥቅ፣
ትጠብቀዋለች።