ሰባተኛው ቅጠል

ብቸና ፖሊስ ጣቢያ፣ ከግቢው ጓሮ፣ ከዋንዛው ጥግ በታች፣
የእኔ መዝገብ ቤት አለች፤
በሯ ሲከፈት የምታቃስት፣ አንድ መስኮት ብቻ ያላት፣
ክረምት በጣሪያዋ የሚገባባት፣ በጋ አይጥ የሚወልድባት።
ሃያ ስድስት ዓመት ቁልፏን ከአንገቴ አንጠልጥዬ፣
የሰው ሞት በቁጥር ደርድሬ፣ የሰው ዕንባ በክር ጠቅልዬ፣
ኖርኩ።

አራተኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከግድግዳው የተጣበቀ፣
«ፈጻሚው ባለመታወቁ» በሚል ቃል የታነቀ፣
መቶ አሥራ አንድ መዝገብ አለ።
መቶ አሥራ አንድ ሬሳ፤ ገዳይ ያልተወለደለት፣
እንደ መብረቅ ምት ሁሉ፣ ዕዳው በሰማይ ስም የተጻፈለት።

ማክሰኞ ዕለት ከባሕር ዳር አንዲት መኪና መጣች፤
ጭቃ እስከ መስታወቷ ለብሳ ከዋንዛው ሥር ቆመች።
«አዲስ ክፍል ነን» አለች ኢንስፔክተር ይታክቱ፣ «በክልሉ የተቋቋምን፤
ያልተፈታውን መፍታት ነው ሥራችን፤ ሌላ ሥራ የለንም።»
አዛዣችን ሳቀ፣ በአክብሮት፣ ጥርሱን ሳያሳይ፦
«እህቴ፣ ሰው እንኳ አልተነሣ፣ መዝገብ ይነሣል ወይ?»
መልስ አልሰጠችም። ጓንቷን አጠለቀች፤
«አርባ አንድ፣ ዘጠና ሰባትን አምጣልኝ» ስትል ወደ እኔ ዞረች።

ሽባባው ልየው፣ በሬ ነጋዴ፣ ቅዳሜ ገበያ ውሎ
ሱሃ ማቋረጫ ላይ ቀረ፤ በቅሎው ብቻዋን ገባች፣ ኮርቻዋ ደም አዝሎ።
አገሩ አውጫጭኝ ተቀመጠ፣ ሰባት ቀን፣ ሾላው ሥር፤
ሽማግሌ ቆሞ ረገመ፦ «አይቶ የማይናገር፣
አዝመራው አረም ይሁን፣ ላሙ ትምከን፣ ዘሩ እንደ ጉም ይብነን!»
እጃችንን ዘርግተን «አሜን» አልን።
ገዳዩም ብሏል፤ ድምፁ ከሁላችን ጎልቶ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ማታ፣ የወፍጮ ቤቱ ሁነኛው መጣ፤
ዱቄት ከሽፋሽፍቱ ሳያራግፍ፣ ቃሉን እያማጠ አወጣ፦
«በጨረቃ፣ ወንዙ ዳር፣ ጋቢ ሲያጥብ አየሁት።»
ስሙን ጠራ። በእጄ ጻፍኩት።
ሰባተኛው ቅጠል ሆነ።

ሲነጋ የዚያን ጊዜው አዛዥ (ነፍስ ይማርም፣ አይማርም አልል)
አነበበና ዝም አለ፤ ረጅም ዝምታ፣ በር የሚያህል።
«ይችን አቃጥላት፤ ሰውዬው አማቼ ነው፤
አንተም ልጆች አሉህ» አለኝ። ምክር ነው? ዛቻ ነው?
ክብሪት ጫርኩ።
ጠፋ።
ደግሜ ጫርኩ። የሁነኛው ዱቄት ከወረቀቱ ላይ ነጣ፤
እጄ እምቢ አለ፤ አፌ ግን «አቃጥያለሁ» ብሎ ወጣ።
ማቃጠሉንም መመለሱንም ፈርቼ፣ ከቤቴ ቆርቆሮና ከኮርኒሱ መሃል
ሸጎጥኩት። ዝናብ በመታ ቁጥር ጣሪያዬ ስም ይጠራል።

እህቱ ጠጅቱ በየዓመቱ፣ በመስቀል ማግስት፣
ከየድ ውኃ መጥታ ታንኳኳለች ያችን መስኮት፦
«መዝገቡ ደኅና ነው?» ትለኛለች፣ ስለ ታማሚ እንደሚጠየቅ።
«ደኅና ነው» እላታለሁ፣ ዓይኔን ከመሬት ሳላላቅቅ።
አንድ ዓመት የባቄላ እሸት አመጣችልኝ፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ።
በላሁት።

ኢንስፔክተሯ ክሩን ፈታች፤ ቋጠሮው እንደ ድንጋይ ሆኗል፣ በጥርሷ ያዘችው።
«አምስት… ስድስት… ስምንት።»
ቀና አላለችም። «ሰባትስ?» አለችኝ።
አይጥ ልል ነበር። ዝናብ ልል ነበር። ሁለቱም ያውቁኛል፤
በዚህች ክፍል ስንት ዘመን በእኔ ፈንታ ተከሰዋል።
የአሻራ ዱቄቷ፣ ላፕቶፗ፣ የባሕር ዳር ማኅተም፤
ገዳይ ፍለጋ መጥታ፣ መጀመሪያ የያዘችው የእኔን ዝም።

«ሰባት ቤቴ ነው» አልኩ።

ወንበር ላይ ወጣሁ፤ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ኮርኒሱን ስቀድ
የሃያ ዓመት አቧራ ወረደብኝ፣ ግማሹ ዱቄት፣ ግማሹ አመድ።
ቀለሙ ፈዟል፤ ስሙ ግን ይነበባል።

አዲስ ወረቀት ዘረጋች፣ «አባት፣ ከመጀመሪያው» አለች፤
ስሜን ከላይ ጻፈች፤ ከስሜ ፊት፣
«ምስክር» ይሁን «ተጠርጣሪ»፣ ቦታውን ባዶ ተወች።

መስቀል አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል።