ጨው የበላ መዝገብ

መስዑድ ሃሩን፣ የዓደኑ፣ ሌጦ ገዢው፣
ስሟን የሰማው ከአንድ ጨው ጫኝ ነበር፤
«ደሴት» መሰለችው፣ ዙሪያዋ ባሕር።
ሐረጎን ሲወጣ፣ በማለዳ፣ በፊያት፣
የቦርከና ጭጋግ ተነስቶ
ነጭ ሆኖ እስከ ጦሳ ተኝቶ፣
«አቁም!» አለ፣ «ይኸው ባሕሩ!»
ሾፌሩ በሳቅ ሞተ።
እሱ ግን ለሰባት ቀን ብሎ
ሠላሳ ዓመት ከረመ።

ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ፣
አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ፣
በቆዳ ክምር ላይ ተቀምጠን።
ተ ላይ ስንደርስ ቆመ፦
«እኛ ዘንድ ታው መጨረሻ ናት፤
ከእሷ ወዲያ ፊደል የለም፣ ባሕር ነው።
ከተማችሁን አንዲት ት አጎደላት።»

አባቴ ይማም በዛብህ፣ ሚዛን ያዡ፣
ስሙ ግማሹ ከመስጊድ፣ ግማሹ ከደብር፣
(ወሎ ነው፣ ማን ይገረማል)
ስንት ፈረሱላ እንደሆነ በዓይኑ ያውቅ ነበር።
አርብ፣ ጀምበር ጦሳን ሳትነካ፣
ሱቁ ይዘጋል፣ ቁልፉም ለአባቴ፤
«ያንተ ነው ሱቁ፣ ሦስት ኮከብ እስክታይ።»
ቅዳሜ ማታ ደጅ ቆሞ ያንጋጥጣል፤
በክረምት፣ በደሴ ሰማይ፣ ኮከብ ከየት ይመጣል?
አንዳንዱ ቅዳሜ ረዝሞ፣ ረዝሞ
ሰኞ ገበያ ይደርስ ነበር።

ዘጠኝ ነበሩ።
መስዑድና ሁለት ልጆቹ፣ ወንድሙ ይሕያ፣
ከነአማቹ ሰዓት ጠጋኙ ዘካርያ፣
በአንድ መጋዘን የሚካሰሱት ሁለቱ የሳሊም ልጆች፣
ሽማግሌው ሙሳ፣ ጸሎት ካለቀ በኋላ «አሜን» የሚል፣
ጆሮው አይሰማምና።
ሕጋቸው አሥር ወንድ ይሻል።
አሥረኛው ከአሰብ ይመጣል፣ ከጨው ጋር፣
ሚሌ ካልሞላ፣ ጎማ ካልፈነዳ፣
ሐረጎን ካልዘጋው ናዳ።
ዘጠኙ በር በር እያዩ ይቀመጣሉ።
አባቴ ከደጅ ይቆጥራል፣ እንደ ሌጦ፣ በዓይኑ፤
ዘጠኝ። ዛሬም ዘጠኝ።
አንድ ጊዜ አላስችል ብሎት
«እኔን ብትቆጥሩኝስ?» አለ።
መስዑድ ትከሻውን ያዘው፣ ብዙ ዝም አለ፤
«ሚዛን ላይ ጣት አይጫንም፣ ይማም።
አንተ ነህ ያስተማርከኝ።»

ደሴ ውስጥ ባሕር ያለው በዛፍ ስም ብቻ ነው።
ከባሕር ዛፉ ሥር ሐማማን ቀበሯት፣
የመስዑድን ልጅ፣ በሦስት ዓመቷ፣ ኩፍኝ የወሰዳት።
አበባ አላኖሩም። ጠጠር አኖሩ፣
በመጡ ቁጥር አንድ፣ አንድ።
ከሄዱ በኋላ አባቴ ያኖር ነበር፤
ከእሱ በኋላ እኔ፣ ሳስታውስ።
አሁን ቁልሉን ያዩ ሰፈርተኞች
የመሬት ድንበር ነው ብለው ይካሰሱበታል።

በስልሳ ሰባት ሱቁ ታሸገ።
በኮምቦልቻ በኩል ወረዱ፣ በሁለት መኪና፤
አባቴ እስከ ሐረጎ ሸኝቶ በእግሩ ተመለሰ።
ከዓመት በኋላ ፖስታ ካርድ መጣ፣ ከሃይፋ፣
ፊቱ ሰማያዊ ውሃ፣
ጀርባው በእኔው ፊደል፣ ጎባጣ ጎባጣ፦
«ባሕሩ ከደጃፌ ነው።
የሚስቅብኝ ሾፌር ግን የለም።»

የሱቁ መዝገብ እኔ ጋ ቀረ።
ከኋላ ይከፈታል፣ ከቀኝ ይነበባል፤
የሚያነብልኝ አላገኘሁም፣ አልፈለግሁምም።
መጨረሻ ገጹ ላይ ዘጠኝ መስመር አለ በነሱ ጽሕፈት፣
ከሥሩ አሥረኛ፣ በአማርኛ፦ «ይማም»።
አጠገቡ ቁጥር የለም።
የዕዳ ይሁን የጸሎት እንጃ።

ለአባቴ አነበብኩለት፣ አልጋ ከያዘ በኋላ።
መልስ አልሰጠኝም።
መዝገቡን ተቀብሎ በመዳፉ አነሳ፣ ዝቅ አደረገ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣
እንደ ድሮው፣
«ጨው በልቷል» አለ፣ «ከልኩ ይከብዳል።»
መልሶ ሰጠኝ።