ሸክላ አለሽ?

ሰኞ ገበያ ላይ፣ ከጦሳ ጉም ጋራ ቁልቁል ተንከባልዬ፣
«አሮጌ ሸክላ አለሽ?» አልኳት ጎንበስ ብዬ።
እመት ዘምዘም ሰምታ፣ ገንቦ አነሣችና
በጣቷ አንኳኩታ፦
«ድምፁን ስማው ልጄ! ስንጥቅ የለውምና።»

የኔ ሸክላ ሌላ፤ ጥቁር፣ የተጫረ፣
ከልብስ ሰፊ ሣጥን፣ ጨርቅ ሥር የኖረ፣
ሽፋኑ ላይ በስክሪብቶ
«የይመር እንድሪስ ነው፤ የተዋስህ መልስ።»

ማታ መርፌው ሲያርፍ ተንጣጣና ዘፍኖ፣ ሄዶ ሄዶ ቆመ፦
«ነገ እመ… ነገ እመ…»
በጣት ገፋ ሳደርገው ይሄዳል፣
ቃሉን እዚያው ጥሎ ሌላ ስንኝ ይወርዳል።

ሙሄ ከሸዋ በር ያንኑ ዘፈን በሲዲ አመጣልኝ፤
«ጥርት ያለ ነው፣ ጭረት የለው» አለኝ።
«ነገ እመጣለሁ» ብሎ አለፈ፣ ሳይነካ።
ጣቴ ተነሥቶ ነበር ለካ።