ሰው የሌለበት ቦታ

ነብራስካ ውስጥ ናት፣ ባቡር የማይቆምባት፣
ከቤተ ክርስቲያኑ ይልቅ ጎተራው የሚረዝምባት፤
ዓርብ ዓርብ ማታ ግን መብራቷ ጨለማን የሚረታ፣
ሰዉ ሁሉ ብርድ ልብስ ደርቦ የሚወጣባት ለጨዋታ።

ወርዋሪያችን ዌንደል ነው፤ ኦረን ነው የሚቀልበን፤
ከዓርብ እስከ ዓርብ የምናመነዥገውን ወሬ የሚሰፍርልን።
እነሱን ነው ፀጉር አስተካካዩ ከበሩ ወጥቶ
እጅ የሚነሣቸው፣ በየስማቸው ጠርቶ።

እኔ ክላይድ ነኝ፤ መሃል ላይ አጎነብሳለሁ፤
ኳሷን በእግሮቼ መሃል ወደ ኋላ እሰጣለሁ፤
ከዚያ ወዲያ የማየው የሰው ደረት ነው፣ ጭቃ፤
ሁለት ሰው ይወድቅብኛል፤ የኔ ነገር እዚያው አበቃ።
ሦስት ሰከንድ ናት ሥራዬ፤ ሦስት ሰከንድ ለዌንደል፤
እገዛለታለሁ በጎድን አጥንቴ፣ ያለ ዱቤ፣ ያለ ውል።

ሦስት ዓመት ስጫወት አንድም ቅልብ አላየሁ፤
በጆሮዬ ነው የማውቀው፣ አፈር ላይ እንደተኛሁ፦
ሕዝቡ ከጮኸ፣ ይዟታል።
ዝም ካለ፣ ወድቃለች።

የመጨረሻው ዓርብ ዘነበ። በአራት ነጥብ ተመርተን፣
አሥራ አንድ ሰከንድ ላይ ሰዓቱ ቆሞ አፍጦብን፣
አጎነበስኩ። ሰጠሁ። ወደቁብኝ። ጆሮዬን አቀናሁ።
ዝናቡን ብቻ ሰማሁ።

ጣላት ኦረን።
ደረቱ ድረስ መጥታለት፣ በሁለት እጁ፣ ጣላት።

በማግስቱ ፀጉር አስተካካዩ ሰላምታውን ነሣው፤
በአባቱ መኪና መስተዋት ላይ እንቁላል የሰበረም አለ ሰው።
እኔስ ምን እዋሻለሁ፤ ቂም ይዤ ነበር፤ ጎድኔ
ሌሊት እየቀሰቀሰ «ለማን ብለህ?» ይለኝ ነበር፣ እኔን።

ሰኞ ላሞቹን አልቤ፣
የረሳሁት ጓንት ትዝ ብሎኝ ወደ ሜዳው ተመለስኩ።
ወቅቱ አልቋል፤ እስከ መጪው መኸር ጨዋታ የለም።
ሁለት ጥላ አየሁ።
የኦረን አባት መኪና መብራቱን ለግሷቸው፣
ሞተሩ እያንኮራፋ፤ ትንፋሽ እየጨሰ ካፋቸው።
ስለ ዓርብ የሚያወራ የለም።
ዌንደል ይቆጥራል፦ አንድ፣
ወደ ኋላ እየሄደ፤
ሁለት፤ ኦረን ጀርባውን ሰጥቶት ነጎደ፤
ሦስት፤
አራት፤
አምስት ላይ የዌንደል ክንድ ተፈታ፤
ወረወራት፣ ሰው ወደሌለበት ቦታ።

እንዲህ ነው ለካ!
እኔ እኮ የመሰለኝ እያየው ነው የሚልክለት፤
ለካስ የሚወረውረው ለሣር ነው፣ ለባዶ መሬት፣
ኦረን ገና ላልደረሰበት።
ኳሷ ክብ አይደለችም፤ መሬት ከነካች እብድ ናት፤
ወዴት እንደምትነጥር የወለዳትም አያውቃት፤
አየር ላይ ግን እንደ እንዝርት ቀጥ ብላ እየሾረች፣
ካንዱ ትከሻ ወዳንዱ ጣት የማይታይ ፈትል ፈተለች።
ሰባት ላይ ኦረን ሲዞር
ደርሳ ነበር።

ያዛት። ድምፁን ሰማሁት፤ ትንሽ ነው፤
በጨርቅ የተጠቀለለ በር ሲዘጋ ዓይነት ነው።

«ጣላት» እያልን ስንከርም፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፣
ሌላ መጣል መኖሩን ልብ አላልንም አንድም አንድ፤
ዌንደልም ጥሏል፤ እምነቱን፣ ኦረን ላይ፤
ከጣለበትም አላነሣው፣ ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ ከሰማይ።

«ክላይድ» አለኝ ዌንደል፤ «ምን ያስቆምሃል? ና፣ ጎንበስ በል፤
ከመሬት እያነሣሁ ስወረውር ቁጥሩ ይዛነፍብኛል።»

ጓንቴን አላገኘሁትም። ሣሩ በረዶ ነው።
ጎንበስ አልኩ፤ ሰጠሁት።
የሚወድቅብኝ የለም፤ ቀና አልኩ።
ኦረን እየራቀ ነው፤ በመኪናው መብራት ጫፍ
ጥላው ከሱ ቀድሞ ይሮጣል።
ኳሷ ከራሴ በላይ አለፈች፤ ነፋሷ ፀጉሬን ነካው።
ስድስት፣ አልኩ በሆዴ።
ዙር እንግዲህ፣ ኦረን።