ልዩነቱን አብራሪ

ሻርጃ ነው፤ ከሮላ ጀርባ፣ አራተኛ ፎቅ።
ሌሊቱም እንደ ቀን ያልበዋል፤ መስከረም ስሙ ብቻ፣ አየሩ እርጥብ ጨርቅ።
በኮምፔርሳቶ ግድግዳ ከኔፓሎቹ ተለይተን፣
እነሱ ሲያስነጥሱ እኛ «ይማራችሁ» ብለን፣
አልጋ ጠርዝ ላይ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አኑሬ፣
የዩኒቨርሲቲውን የእርዳታ ቅጽ ከፈትኩት፤ ለሦስተኛ ጊዜ፣ ዛሬ።

ስም፦ ረውዳ ይማም። ዕድሜ፦ አሥራ ስምንት።
የፈተና ውጤት፦ (እዚህ ላይ ትንሽ ኮራሁበት።)
የትውልድ ቦታ፦ ሻርጃ። ዜግነት፦ ኢትዮጵያዊት።
ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው ጥቂት ዞረብኝ፤
ቅጹ ግን አልጠበቀኝም፣ «ቀጥዪ» አለኝ።

የአባት ሥራ፦ ሹፌር። የትምህርት ቤት አውቶቡስ።
የሰው ልጅ ጠዋት ሲያደርስ፣ ከሰዓት ሲመልስ።
ደሞዝ፦ አራት ሺህ አንድ መቶ። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አለ፤
እሱን ለማስጻፍ አባባ ድርጅቱ በር ላይ ሁለት ቀን ዋለ።

ከዚያ ወጪ።
ኪራይ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ። መብራትና ውኃ፣ አራት መቶ።
የወንድሜ ትምህርት ቤት ዘጠኝ መቶ። ምግብ አንድ ሺህ ሁለት መቶ።
ቢስቲማ፣ ለአያቴ መድኃኒት፣ ለአጎቴ ልጆች ደብተር፣ ስምንት መቶ።
(«የሚደገፉ ሰዎች ብዛት» የሚለው ሳጥን አንድ አሃዝ ብቻ ነው የሚይዘው።
ዘጠኝ አልኩ። ሁለት ሰው ውጭ ቀረ። የትኞቹ እንደሆኑ አላህ ነው የሚያውቀው።)

ማሽኑ ደመረው፤ ለማሰብ እንኳ አልቆየ፤
በቀይ ጻፈልኝ፣ ሳነበው ፊቴ ጋየ፦
«ወጪያችሁ ከገቢያችሁ በአንድ ሺህ አራት መቶ ይበልጣል።
ልዩነቱን አብራሪ። ሁለት መቶ ፊደል ይበቃል።»

ልዩነቱን አውቀዋለሁ። ልዩነቱ ባልዲ ነው።
ልዩነቱ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በጣቱ ጫፍ እየረገጠ የሚወጣው ነው፤
ጎረቤት ሕንጻ ምድር ቤት ወርዶ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣
አሥራ አራት መኪና፣ አንዱን በወር በመቶ ድርሃም አጥቦ፣
ሱብሒ ሲጠራ ባልዲውን ደረጃ ሥር የሚደብቀው።
ፈቃድ የለውማ። አንድ የተቆጣ ሰው፣ አንድ ስልክ ነው የሚበቃው።

እናቴ «በረካ ነው በያቸው» አለች፣ ካልሲ እየጣፈች።
በረካ ስንት ፊደል ናት? ሦስት። ቦታ እንኳ አትፈጅም ነበረች።
አባባ በሩ ላይ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ቆሞ፣
«አትዋሺ። ሁሉንም ግን አትንገሪ» አለ፣ ድምፁን አለዝቦ፣ ደግሞ ደጋግሞ።
«ብድር» ብዬ ጻፍኩ፤ አበዳሪው ማነው ሲለኝ አጠፋሁ።
«ስጦታ» አልኩ፤ የሰጪው ስም ሲባል ስጦታውን ራሱን ጠላሁ።

ከኮምፔርሳቶው ማዶ አንዱ አንኮራፋ።
ያኔ ገባኝ ከቤታችን ምን እንደሚጠፋ።
ሞላሁት፤ መቶ ሰማንያ ምናምን ፊደል ተረፈ፦
«አባቴ እንቅልፉን ይሸጣል።»
ጣቴ «ላክ»ን ነካ። አለፈ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን መልስ መጣ፣ ትሁት፣ አጭር፦
«ስለ ግልጽነትሽ እናመሰግናለን። ለሽያጩ ማስረጃ አያይዢ፤ ፎቶም ቢሆን አይቸግር።»

በማግስቱ ቀትር ላይ ዳቦ ይዤለት አውቶቡሱ ጋ ሄድኩ።
ልጆቹ ክፍል ናቸው። በሩ ወለል ብሏል። ገብቼ፣ ዝም አልኩ።
የኋላው ወንበር ላይ፣ ለስድስት ዓመት ልጅ በተሠራው፣
ጉልበቱን አጥፎ ተኝቷል፤ መዳፉን ሳሙና በልቶት፣ ነጭ ሆኖ፣ ተጨማዶ፣
አጠገቡ የአንዷ ተማሪ የተረሳ ሐምራዊ ኮዳ።
አነሳሁት።
(አልቀሰቀስኩትም፤ ፎቶውን ማለቴ ነው።)

ማታ ላክሁት። ቀይ ጽሑፍ፦ «ፋይሉ ከሚፈቀደው በላይ ትልቅ ነው።»
አሳነስኩት። አሁንም ትልቅ ነው።
በሦስተኛው፣ ኮዳው ኮዳ መሆኑ ሲቀር፣
መዳፉና ወንበሩ አንድ ቀለም ሲሆኑ፣
ፊቱ የማንም ሰው ፊት ሲሆን፣
ተቀበለው።